«በዓመት 150 ቀን ብቻ ነበር የሚሠሩት» ስለሚባሉት ገበሬዎች

«የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ገበሬ በዓመት 150 ቀን ብቻ ይሠራ ነበር፤ የዛሬ ሠራተኛ ከሱ የባሰ ነው።» ይህቺን ያላጋራ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ስልካቸው ላይ ያሳዩኛል፣ በየዓመቱም እበሳጫለሁ። የዚያን ሕዝብ ልፋት ከንቱ ያደርገዋላ!

ቁጥሩ የመጣው አንድ የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ እንግሊዝ ካወጣው የመጀመሪያ ግምት ነው። ሰውየው ራሱ ኋላ ላይ ወደ 300 ቀን አስጠግቶታል። ማስተካከያውን ግን የሚያጋራ የለም።

ሌላም መምታታት አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ፣ ነፃ ያልሆነ ገባር ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጌታውን ሁዳድ ይሠራ ነበር። መዝገብ ላይ የሰፈረው ይሄ ነው፤ ጌታው የሚያስቆጥረው ለሱ የተሠራለትን ነዋ። የቀሩት ቀናት ዕረፍት አልነበሩም። ገበሬው የራሱን ማሳ የሚያርሰው ያኔ ነው! አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ከሳምንቱ ግዴታ ሌላ ተጨማሪ ቀን ይጠራል። የራሱ እህል እየረገፈ የጌታውን ያጭዳል።

የራሱስ ማሳ ምን ይሰጠው ነበር? አንድ ኩንታል ስንዴ ዘርቶ ሦስት ወይም አራት ቢያገኝ ነው። ከዚያ ላይ አንዱ ለዘር ይቀመጣል፣ አሥራት ለቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ብዙ ቦታ የመንደሩ መሬት ለሦስት ይከፈላል። አንዱ ከብርዱ በፊት ስንዴ ይዘራበታል፣ ሁለተኛው ብርዱ ሲወጣ ገብስ፣ አጃ ወይም ባቄላ፣ ሦስተኛው ጦም ያድራል። ጦም ያደረውም ቢሆን አረሙ እንዳይበረታ ይታረሳል። ከባዱን ማረሻ ለመጎተት እስከ ስምንት በሬ ይጠመዳል፤ ስምንት በሬ ያለው ገበሬ ደግሞ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ይቀናጃል። ብርዱ ሲገባ ነዶ በዱላ ሲወቃ ይከርማል። ሚስቱ ሱፍ ትፈትላለች፣ ቢራ ትጠምቃለች፣ አጨዳም ትወጣለች። የእሷን ቀን ማን ቆጠረው?

«በዓላቱስ?» ይሉኛል። እሑድና የቅዱሳን በዓል እርሻ መቆሙ እውነት ነው። ግን እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። በጊዮርጊስ ቀን ሞፈር ባይነሳም እናቴ ላም ታልባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ አዛባ ትጠርጋለች። ከብት በዓል አያውቅም፤ እዚያም እንዲሁ ነበር።

ገበሬው አንገቱን ደፍቶ ተገዛ የሚለውም ልክ አይደለም። ብዙ ቦታ እህሉን በጌታው ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጭ ይገደዳል፤ ለዚያም ከእህሉ ይቆነጠርበታል። በእንግሊዟ ከተማ በሴንት ኦልባንስ አንድ አበምኔት የተገዢዎቹን የእጅ ወፍጮ ወርሶ ድንጋዩን በገዳሙ ውስጥ ወለል አድርጎ አስነጠፈው። በ1381 ታላቁ የእንግሊዝ ገበሬዎች አመፅ ሲነሳ ሰዎቹ ገዳሙ ገብተው ወለሉን ነቀሉ፣ ድንጋዩንም ሰባብረው ተከፋፈሉት። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ! ቂሙ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ነበር።

ስለዚያ ዘመን ገበሬ የሚወሩ ሌሎች ነገሮችንም ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

ገባር ባሪያ ነበር? አልነበረም፣ ነፃም አልነበረም። ሴት ልጁን ሲድር ለጌታው ይከፍላል፣ ሲሞትም ምርጥ ከብቱ ይወሰዳል። ግን መሬት ይይዛል፣ ለልጁም ያስተላልፋል። በ1086 በተደረገው የእንግሊዝ ምዝገባ ባሪያዎች ከገባሮች ተለይተው ነው የተጻፉት።

ጌታው ከሙሽራዋ ጋር የመጀመሪያውን ሌሊት የማደር መብት ነበረው? ማስረጃ የለውም።

ድንች ይበላ ነበር? ከ1492 በፊት ድንችም፣ በቆሎም፣ ቲማቲምም አውሮፓ አልገባም።

ሁሉም በ30 ዓመቱ ይሞት ነበር? አማካዩን ያወረደው የሕፃናት ሞት ነው። 20 ዓመት ያለፈው ሰው 50 መድረሱ ብርቅ አልነበረም።

እንግዲህ ስለ ድሮ ገበሬ ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ የማን መዝገብ እንደሆነ ጠይቁ። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ላክስተን የምትባል መንደር አለች፣ ሄዳችሁ እዩ። ክፍት ማሳዎቿ በሦስት ፈረቃ ዛሬም ይታረሳሉ። የመንደሩ ሸንጎም በየዓመቱ ተሰብስቦ ድንበር የገፋውን ገበሬ ይቀጣል።