ዓመታዊና ዘላለማዊ ካላንደር ያላቸው የእጅ ሰዓቶች ልዩነት

ሁለቱ ደጋግመው ስለሚምታቱ ላስረዳ። ተራው ባለ ቀን ሰዓት ወሩን ሁሉ 31 ብሎ ስለሚቆጥር በዓመት አምስት ጊዜ በእጅ ይስተካከላል። የስዊዘርላንዱ ሰዓት ሠሪ ፓቴክ ፊሊፕ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዓመታዊ ካላንደር ባለ 30 እና ባለ 31 ወሮችን ይለያል፤ የሚስተው ፌብሩዋሪን ብቻ ነው።

ዘላለማዊው ግን ይደንቃል! ውስጡ በአራት ዓመት አንዴ የሚዞር፣ ጠርዙ የተቦረቦረ ክብ ብረት አለ። ጉድጓዱ ጠለቅ ሲል ወሩ ያጥራል። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2027 እኩለ ሌሊት ላይ በቀጥታ ወደ ማርች 1 ይዘላል፤ በ2028 ግን 29ን ያሳያል። በ2100 አብዛኞቹ ይሳሳታሉ፤ ያ ዓመት ለአራት ቢካፈልም ፌብሩዋሪው 28 ነው።

ሰዓቱ ከቆመ ቀኑን እንደገና መሙላት የግድ ነው። አሞላሉ ግን ከሰዓት ሰዓት ይለያያል፤ በተለይ እኩለ ሌሊት አካባቢ ቀን መቀየር ብዙዎቹን ስለሚጎዳ መመሪያውን አስቀድማችሁ አንብቡ።