«በራቸውን ከፍተው አደጉ» የሚባለው ነገር

ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ከማርማቸው ወረቀቶች «የእስያ አገሮች ለዓለም ገበያ በራቸውን ስለከፈቱ አደጉ» የማይል ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ማንበብ ሰልችቶኛል። ግማሹ ትክክል መሆኑ ደግሞ ለማረም ያስቸግራል።

ደቡብ ኮሪያን እንይ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 ሥልጣን ሲይዙ ባንኮቹን መንግሥት ጠቀለላቸው። ከዚያ ወዲህ በዝቅተኛ ወለድ የሚበደረው ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በየወሩ ስብሰባ እየመሩ ኤክስፖርቱ የት እንደደረሰ ይጠይቁ ነበር። በ1964 100 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ኤክስፖርት በ1977 10 ቢሊዮን ገባ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ገበያው ለውጭ መኪና ዝግ ነበር። ሃዩንዳይ ፖኒ የተባለችውን መኪናውን ማምረት የጀመረው በ1975 ነው። የውጭ መኪና የተፈቀደው በ1980ዎቹ መጨረሻ። ታዲያ ይህ በር ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ለሚወጣው ክፍት ነው፤ ለሚገባው ዘበኛ ቆሞበታል።

የፖሃንግ ብረት ፋብሪካም እንዲሁ ነው። የዓለም ባንክ አያዋጣም አለ። ኮሪያ ከጃፓን ጋር ግንኙነት በመሠረተችበት በ1965ቱ ስምምነት ካገኘችው ገንዘብ ወስዳ ሠራችው፤ በ1973 ብረት ማውጣት ጀመረ።

ይህን ስናገር አምና አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «እንግዲያው መዝጋት ነው የሚያዋጣው» አለኝ። አይደለም! ሕንድም ለአሥርት ዓመታት ዘግታ ነበር። ልዩነቱ፣ ከውድድር የተከለለውን ፋብሪካ ወደ ውጭ ላክ ብሎ የሚያስገድደው አልነበረም። በ1991 የውጭ ምንዛሪዋ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ሆነና ወርቋን በመያዣነት ወደ ለንደን ላከች።

«ርካሽ ጉልበት ስላላቸው ነው» ለሚሉኝ፦ ርካሽ ጉልበት የሌለው ድሃ አገር የት አለ?

«ቬትናም ባንድ ጊዜ ተከፈተች» ይባላል። ዶይ ሞይ የተባለው የኢኮኖሚ ማሻሻያዋ የታወጀው በ1986 ነው፤ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆነችው በ2007። ሃያ ዓመት ነው እኮ!

«ካፒታል ላይ ቁጥጥር ያደረገ (ማለትም ገንዘብ ከአገር ሲወጣና ሲገባ የገደበ) አገር ይወድቃል» የሚለውም አለ። ማሌዢያ በ1998 በእስያ የገንዘብ ቀውስ መሐል የገንዘቧን የሪንጊትን ምንዛሪ በአንድ ዶላር 3.80 ላይ ቸነከረች፣ ገንዘብ እንዳይወጣም ከለከለች። በማግስቱ ዓመት ኢኮኖሚዋ አደገ።

እኛ አገር ደግሞ «ቃኘው ሻለቃ ሲዘምት ኮሪያ ከእኛ ታንስ ነበር» ማለት ይወደዳል። ቃኘው የተባለው ጦራችን የዘመተበት የኮሪያ ጦርነት አውድሟት ነበር፣ እውነት ነው። ነገር ግን መሬት ለአራሹ ያደለችው በ1950 ነው፤ እኛ ዘንድ ይህ የሆነው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ አንደኛ ደረጃ የማይማር ልጅ አልነበራትም ማለት ይቻላል።

ወረቀት የምትጽፉ ልጆች፣ «ተከፈተ» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉ። የተከፈተው ምን ነበር? በስንት ዓመተ ምሕረት? ብድሩንስ ማን፣ በምን ግዴታ ወሰደው? የታሪፉን (የገቢ ዕቃ ቀረጡን) ሰንጠረዥ ከዓመት ዓመት አስተያዩ። ይህን ያደረገች አንዲት ተማሪዬ ሐሳቧን ቀይራ ወረቀቱን እንደ አዲስ ጻፈችው።