«ኦፕት አውት» ምንድን ነው? ከሻጮች የማስታወቂያ መልእክት የመውጣት ነገር

አንድ ጊዜ ሻንጣ ገዛሁ። ሻንጣው ደረሰኝ፣ ወደድኩት፣ ነገሩ እዚያው አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ። ለሻጩ ግን ገና መጀመሩ ነበር። በሳምንት ሦስት ጊዜ ስለ ሻንጣ ይጽፍልኝ ጀመር። ሻንጣ የገዛ ሰው ለጥቂት ዓመታት የማይፈልገው ነገር ቢኖር ሌላ ሻንጣ ነው፤ ግን የሚጽፈው ማሽን ስለሆነ ይህን ማን ያስብለታል? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ከዚህ ዓይነቱ ውትወታ መውጫው ኦፕት አውት ይባላል። «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» ማለት ነው። በኢሜይል ግርጌ «አንሰብስክራይብ» ተብሎ በደብዛዛ ግራጫ ፊደል የሚጻፈው ሊንክ አንዱ መልኩ ነው። ተቃራኒው ኦፕት ኢን፣ ማለትም «ላኩልኝ» ብሎ አስቀድሞ መፍቀድ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ዝምታ በሚተረጎምበት መንገድ ነው። በኦፕት ኢን ዝም ያለ ሰው አልፈቀደም፤ በኦፕት አውት ዝም ያለ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል።

ታዲያ ሳንፈቅድ እንዴት ገባን? መልሱ ግዢው ራሱ ነው። ብዙ አገሮች ለሻጭና ለደንበኛ ለየት ያለ በር ይተዋሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው መመሪያ ዕቃ ሲሸጥ ኢሜይል የተቀበለ ድርጅት ያንኑ የሚመስሉ የራሱን ዕቃዎች እንዲያስተዋውቅ ይፈቅዳል። በምላሹ ደንበኛው አድራሻውን ሲሰጥም ሆነ መልእክት በደረሰው ቁጥር በነፃና በቀላሉ እምቢ የማለት ዕድል ሊያገኝ ይገባል። በካናዳ ሕግ ግዢ ለ2 ዓመት እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ካን-ስፓም የሚባለው የ2003ቱ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ቅድመ ፈቃድ ጨርሶ አይጠይቅም፤ ላኪው ግን «አትላኩልኝ» የሚል ጥያቄ በደረሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መላኩን እንዲያቆም ያስገድዳል። ለመውጣት ክፍያም ሆነ ከኢሜይል አድራሻና ከመውጫ ምርጫ ሌላ መረጃ መጠየቅን ይከለክላል።

ከሁሉም ጠንከር የሚለው ጂዲፒአር ነው። ከግንቦት 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ በሌሎች ጉዳዮች ላይ ድርጅቱ «የኔ ጥቅም ያመዝናል» ብሎ እንዲከራከር ይፈቅዳል። ቀጥታ ማስታወቂያ ላይ ግን ክርክር የለም። ሰውየው አልፈልግም ካለ አለቀ፤ ምክንያትም አይጠየቅም።

ሊንኩን ስንጫን የሚሆነው ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። አብዛኞቻችን አድራሻችን የሚጠፋ ይመስለናል። አይጠፋም። የሚደረገው ከአንድ ዝርዝር ወደ ሌላ ዝርዝር ማዛወር ነው፤ ይኸኛው «ለእነዚህ እንዳትልኩ» የሚል መዝገብ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ሹፈት መስሎኝ ነበር፤ ግን ምክንያት አለው። አድራሻው ሙሉ በሙሉ ቢሰረዝ፣ ነገ አንድ ሠራተኛ የቆየ የደንበኞች ፋይል ሲጭን እንደ አዲስ ሰው ተመልሶ ይገባል፤ እምቢ ማለታችንን የሚያስታውስ ነገር አይኖርማ። ስለዚህ «አትላኩልኝ» እና «መረጃዬን አጥፉ» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። መልእክቱ እንዲቆም ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚበጀው የመጀመሪያው ነው።

የማይቆሙም አሉ። ደረሰኝ፣ የዕቃ መላኪያ ማሳወቂያ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ የመሳሰሉት የአገልግሎት መልእክቶች ስለሆኑ ይቀጥላሉ፤ ቢቆሙም የምንጎዳው እኛ ነን። አንዳንዱ ሻጭ ታዲያ ደረሰኙ ሥር ኩፖን ይሸጉጣል። ሌላው የሚያሳስተው ደግሞ መንገዱ ነው። ከኢሜይል መውጣት የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ኢሜይልን ብቻ ነው። ኤስኤምኤስ፣ የስልክ ጥሪ፣ የአፕ ማሳወቂያና ፖስታ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በር አላቸው። አጭር መልእክትን በብዙ ቦታ «ስቶፕ» ብሎ በመመለስ ማቆም ይቻላል፤ የአፕ ማሳወቂያ ከስልኩ ሴቲንግ ይዘጋል። መረጃችንን ለሌላ ድርጅት አሳልፈው ከሰጡ ደግሞ ያኛውን ለብቻው መጠየቅ ግድ ነው።

ወደ ሻንጣው ልመለስ። ሊንኩን ስጫን የተከፈተው ገጽ «በእርግጥ ሊለዩን ነው?» ይላል። ሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፦ ትልቁና ባለቀለሙ «ልቆይ»፣ በጭንቅ የሚነበበው «አይ፣ ቅናሽ አልፈልግም»። በሌላ አነጋገር ለመውጣት ራሴን ቅናሽ ጠል አድርጌ መፈረም አለብኝ። ፈረምኩ። ቀጥሎ በአካውንትዎ ይግቡ አለኝ። የገዛሁት አካውንት ሳልከፍት ነበር። ለመውጣት መጀመሪያ ግባ መባሌ ነው!

ያወጣኝ ሌላ በር ነው። ብዙ የኢሜይል አገልግሎቶች ከላይ፣ ከላኪው ስም አጠገብ የራሳቸውን አንሰብስክራይብ ያሳያሉ። ይህ የሚሠራው ላኪው በመልእክቱ የተደበቀ ክፍል ውስጥ በሚያስቀምጠው የመውጫ አድራሻ ሲሆን፣ ደረጃው የወጣለት በ1998 ነው፤ በአንድ ጠቅታ የሚጨርሰው ዓይነት በ2017 ተጨመረ። ከ2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች ይህን በር እንዲከፍቱና ጥያቄውን በ2 ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ ማስገደድ ጀመሩ። ለጂሜይል ብዛት ማለት በቀን ከ5,000 መልእክት ጀምሮ ነው። መውጫውን ያጣ ሰው መልእክቱን ስፓም (ያልተፈለገ መልእክት) ብሎ ይከሳል፤ ክሱ ሲበዛ ደግሞ የድርጅቱ ደረሰኝ ሳይቀር ስፓም ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ብልህ ሻጭ በሩን ራሱ ወለል አድርጎ ይከፍታል።

ይህ ሁሉ ግን ለምናውቀው ሻጭ ነው። ምንም ገዝተንበት ከማናውቅ ላኪ ለመጣ መልእክት ውስጡ ያለውን ሊንክ አለመንካት ይሻላል፤ መጫናችን አድራሻው ሰው እንዳለበት ይነግረዋል፣ ገጹም ወጥመድ ሊሆን ይችላል። እሱን ስፓም ብሎ ማለፍ ነው።

የሻንጣው ኢሜይል በሁለተኛው ቀን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ኤስኤምኤስ ነው። «ለእርስዎ ብቻ፦ በሻንጣዎች ላይ ልዩ ቅናሽ።» «ስቶፕ» ብዬ መለስኩ።