በአጥንት መሳሳት የሚመጣ የአከርካሪ ስብራት

አጥንቱ የሳሳ አዛውንት አከርካሪው እንዲሰበር የግድ መውደቅ የለበትም። ጀሪካን ማንሳት፣ አንዳንዴም ማስነጠስ ይበቃል። አጥንቱ ከፊት በኩል ይጨፈለቃል፤ ስብራቱ ሲደጋገም ቁመት ያጥራል፣ ጀርባ ይጎብጣል። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል "እርጅና ነው" ተብለው ሳይታወቁ ያልፋሉ። የጎበጠ ሁሉ ግን አጥንቱ ሳስቶ አይደለም። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም አለ፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ እሱን ማሰብ ነው። እግር ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ደግሞ ለነገ አይባልም።

ሕመሙ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ፓራሲታሞል ይቀድማል። ዳይክሎፌናክ የአዛውንት ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ ትራማዶል ያዞራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ማማጡ ደግሞ ጀርባውን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ጠያቂ ሁሉ "አርፈሽ ተኚ" ይላል፤ ተኝቶ መሰንበት ግን ጡንቻውንም አጥንቱንም ይጨርሳል። በጎን ተንከባሎ ከአልጋ መነሳትን፣ ጎንበስ ሳይሉ ዕቃ ማንሳትን የሚያስተምረው ፊዚዮቴራፒስት ነው። ወሬው ግን ሁሌም የሲሚንቶው ነው፤ እኛም ለምደነዋል።

ሲሚንቶው ማለት በተሰበረው አከርካሪ ውስጥ በመርፌ የሚሞላ የአጥንት ማጣበቂያ ነው፤ ሥራው ቨርቴብሮፕላስቲ ይባላል። በ1984 (እንደ ፈረንጆቹ) ፈረንሳይ፣ አሚየን ውስጥ ጋሊቤርና ዴራሞን ጀመሩት፤ የመጀመሪያዋ ታካሚ ችግር የአንገት አከርካሪ ላይ የወጣ የደም ሥር እባጭ እንጂ የአጥንት መሳሳት አልነበረም። በ1998 አጥንቱን አስቀድሞ በፊኛ የሚያነሳው ካይፎፕላስቲ መጣ። ገበያው ደራ። ከዚያ በ2009 ሁለት ጥናቶች አንድ ላይ ወጡ፦ ግማሾቹ ታካሚዎች ሲሚንቶው በትክክል ተሞላላቸው፣ ግማሾቹ ላይ የማስመሰል ሥራ ተሠራ፣ የሲሚንቶው ሽታ እንኳ እንዲሸታቸው ዕቃው ተከፍቶ ነበር። ሁለቱም ወገን እኩል ተሻለው! በ2010 የሆላንድ ጥናት ሲሚንቶው ይረዳል አለ፤ ማስመሰያ ግን አልነበረውም። በ2016 አውስትራሊያ ውስጥ 6 ሳምንት ባልሞላው ስብራት ላይ ጥቅም ታየ፣ በ2018 እነዚያው ሆላንዶች በማስመሰያ ሲያወዳድሩት ልዩነቱ ጠፋ። ክርክሩ አልተዘጋም ይባላል። እንደኔ ግን መድኃኒትና እንቅስቃሴ በደንብ ሳይሞከሩ መርፌው አይቀድምም።

ወገብ ደጋፊ ቀበቶ ለአጭር ጊዜ ያግዛል፤ ማስረጃው ስስ ነው።

ከተሰበረባቸው ሴቶች ከአምስቷ አንዷ ገደማ በዓመቱ ውስጥ ሌላ ይሰበርባታል። ስለዚህ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ካነሰ ይሟላል፣ ከዚያ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት፣ ወይ በዓመት አንዴ የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ ወይ በሳምንት አንዴ የሚዋጠው አሌንድሮኔት ይታዘዛል። አሌንድሮኔት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት የለም፣ ቡናውም ይቆይ።