የወሎ የአደባባይ ጥበብና የማኅበረሰቡ እሴቶች

የወሎ የአደባባይ ጥበብ ከዐለት ከተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አንሥቶ በባጃጅ ጀርባ እስከሚጻፍ ቃል ይደርሳል። በገጠር አጥቢያ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል፣ በወልይ (በሙስሊም ቅዱስ ሰው) መቃብር ላይ የተሠራ ቁባ ማለትም ጉልላት ያለው ቤት፣ በመውሊድ ሌሊት በድቤ የሚታጀብ መንዙማ፣ በነሐሴ ከቤት ቤት የሚዞሩ ልጃገረዶች ጭፈራና በከተማ አደባባይ የቆመ ሐውልት ሁሉም በብዙ ሰው ፊት የሚቀርቡ፣ ብዙ ሰውም የእኔ የሚላቸው የጥበብ ሥራዎች ናቸው። አንድ ማኅበረሰብ የሚያከብረው ነገር በእነዚህ ሥራዎች ይዘት መገለጹ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ማን አሠራው፣ ማን ይጠብቀዋል፣ ማን ቀርቦ ያየዋል፣ ማንስ ይከለከላል የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ከምስሉ ይበልጥ ይናገራሉ። በዚህ ጽሑፍ ወሎ ሲባል የቀድሞው ክፍለ ሀገር ማለት ሲሆን፣ ትኩረቱ ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ በሰሜን ወሎ፣ በደቡብ ወሎ፣ በዋግ ኽምራና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች በሚገኙት አካባቢዎች ላይ ነው።

ቀዳሚው ምሳሌ ላስታ ላሊበላ ነው። ትውፊቱ ለዛጔው ንጉሥ ለቅዱስ ላሊበላ የሚሰጣቸው አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. (1978 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ናቸው። ከእነርሱ ሁሉ በሥዕልና በቅርጽ የበለጸገችው ቤተ ማርያም ናት። በምዕራብ በኩል ባለው መግቢያዋ ላይ ከዐለቱ ጎልተው የተፈለፈሉ ሁለት ፈረሰኞች ከአውሬ ጋር ሲታገሉ ይታያሉ፤ ውስጧም በሐረግ፣ በመስቀል ዓይነቶችና ከወንጌል ታሪክ በተወሰዱ ሥዕሎች ያጌጠ ነው። በቤተ ጎልጎታ ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ሰው የሚያህሉ የቅዱሳን ምስሎች ቆመው ይገኛሉ፤ ይህን ያህል ቁመት ያለው የተፈለፈለ የሰው ምስል በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጥበብ ውስጥ እጅግ ብርቅ ነው። ወደ ጎልጎታ ግን በሥርዓቱ መሠረት ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ከአካባቢው ምእመናን ግማሽ ያህሉ እነዚያን ምስሎች የሚያውቃቸው በወሬ ነው። በላሊበላ አደባባይ የሚባለው ነገር ደረጃ እንዳለው ይህ አንዱ ማስረጃ ነው፤ ቅጥሩ ለሁሉ ክፍት ሲሆን ቅድስቱ ለቆራቢ፣ መቅደሱ ለካህን ብቻ ነው።

የሕንጻዎቹ ትርጉም ጎልቶ የሚወጣው በገና ዕለት ነው። የጌታ ልደትና የንጉሡ የላሊበላ ልደት በአንድ ቀን በሚከበርበት በዚህ በዓል ካህናቱ ከቤተ ማርያም ቅጥር በላይ ባለው የዐለት ጠርዝ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ቦታ ላይ በክብ ተሰልፈው፣ ሌሎቹ ደግሞ ከታች በግቢው ሆነው፣ «ቤዛ ኩሉ» የተባለውን ዝማሬ እየተቀባበሉ በጸናጽልና በከበሮ ያሸበሽባሉ። ከሩቅ አገር በእግር የመጣው ምእመን ዙሪያውን ሞልቶ ያያል፤ የላሊበላ ነዋሪም የመጣውን እንግዳ እግር የማጠብና ምግብ የማቅረብ ልማድ አለው። ዐለቱን የጠረበው ሰው ግቢውን ለዚህ ማኅሌት አስቦ ይሥራው አይሥራው ባይታወቅም፣ ዛሬ ቦታውን ያለ ማኅሌቱ ማሰብ አይቻልም። በከተማዋ ውስጥ የሚታዩት፣ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩትና የሣር ክዳን ያላቸው ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ቤቶችም የዚሁ የድንጋይ ጠረባ ባህል ተራ ሕይወት ውስጥ መግባቱን ያሳያሉ።

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብለው የሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ለሥዕል ታሪክ ያላቸው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። በዋሻ ውስጥ ከእንጨትና ከድንጋይ ንብብር የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ በጣሪያው ጌጥ ይታወቃል። በገነተ ማርያም የሚገኙት የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግድግዳ ሥዕሎች ደግሞ ከቅዱሳኑ ጋር አሠሪውን ዐፄ ይኩኖ አምላክን ያሳያሉ። አሠሪው በሥዕሉ ውስጥ መግባቱ ንጉሣዊ ልማድ ሆኖ አልቀረም፤ በኋለኞቹ ዘመናት በየአጥቢያው መቅደስ ላይ፣ ከእመቤታችን ወይም ከቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ሥር፣ ስለት የሰጠ ባላባት፣ አለቃ ወይም ባልቴት ወድቆ ሲማጸን ይሣላል፤ አጠገቡም የሰውየውን ስም ይዞ «ዘከመ ተማኅፀነ» (እንዴት እንደተማጸነ) የሚል የግእዝ ጽሑፍ ይቀመጣል። ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሠርቶ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው በሁለት ዓይን ሲያዩ፣ ሰይጣንና አሳዳጆች በጎናቸው ባለ አንድ ዓይን ሆነው ይሣላሉ። ማንበብ የማይችል ገበሬ ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ በዚህ ምልክት ይለያል። በእነዚህ ሥዕሎች የሚጎላው እሴት ምልጃ ነው፤ ሠዓሊው ስሙን እምብዛም አይጽፍም፣ ያሠራው ሰው ግን ስሙን የሚያስጽፈው ለዝና ብቻ ሳይሆን አንባቢው እንዲጸልይለት ነው። ሁለቱን መለየት ሁልጊዜ ቀላል እንዳልሆነ ግን ማንም የመንደር ሰው ያውቃል።

በወሎ እስልምና ውስጥ ምስል በአምልኮ ቦታ አይገባም፤ የአደባባዩ ጥበብ በሌላ መንገድ ያድጋል። ጀማ ንጉሥ፣ ገታና ዳና የመሳሰሉት የትምህርትና የዚያራ (የወልዮችን መቃብር የመጎብኘት) ማእከሎች በቁባቸው፣ በመስጊዳቸውና በዙሪያቸው በተጠበቁት ዛፎች ከሩቅ ይለያሉ። ከሁሉ በላይ ግን ጥበቡ በድምፅ ይኖራል። በሼህ ሙሐመድ ሻፊ የተመሠረተው ጀማ ንጉሥ የመውሊድ በዓል በሰፊው ሕዝብ ፊት እንዲከበር በማድረግ በወሎ ቀዳሚ ሆኖ ይጠቀሳል፤ በዚያም ሆነ በሌሎቹ ሐድራዎች (የጸሎትና የውዳሴ ስብሰባዎች) መንዙማ በድቤ እየታጀበ፣ ሰዉ በጭብጨባ እየተቀበለ ሌሊቱን ይዘልቃል። የመንዙማ ግጥም በዐረብኛም በአማርኛም ይዜማል፤ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል የሚጽፈው የዐጀሚ ልማድ በወሎ ዑለማ ዘንድ የዳበረ ሲሆን፣ ከታወቁት ደራሲዎቹ አንዱ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው። ግጥሙ ነቢዩን ያወድሳል፣ ወልዮችን ይማጸናል፣ የዘመኑንም መከራ ይናገራል። ተቀባዩ ሕዝብ የሥራው ተካፋይ እንጂ ታዳሚ ብቻ ስላልሆነ፣ አንድ መንዙማ ከሼሁ አፍ ከወጣ በኋላ የሁሉ ንብረት ይሆናል።

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በደዋ ጨፋ አካባቢ የሚገኘው የሾንኬ መንደር የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽታ ነው። የአርጎባ ማኅበረሰብ በተራራ አናት ላይ ጥቅጥቅ አድርጎ የሠራቸው የድንጋይ ቤቶችና መስጊዱ ለውበት ተብለው የታነጹ አይመስሉም፤ ለመከላከያና ለጉርብትና የተመረጠው አሠራር ግን መንደሩን ከግርጌ ለሚያየው ሰው እንደ አንድ ሕንጻ አድርጎ ያቀርበዋል።

ወሎ በክርስቲያንና በሙስሊም አብሮነቱ ይታወቃል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱ ሃይማኖቶች መገኘታቸው፣ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ ድንጋይ ማቅረቡና ገንዘብ ማዋጣቱ፣ በቡና ላይ በሚደረግ ዱዓ ሁለቱም «አሚን» ማለታቸው በየቦታው የሚታይ ነው። ይህን አብሮነት ያለ ታሪኩ ማቅረብ ግን ያጎድለዋል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ከጠሩት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ ተገደዋል፤ ብዙ ሰው ተሰዷል፣ ብዙ ሰውም በጦር ተገድሏል። በዚያን ጊዜ ተጠምቀው ሙሐመድ ዐሊ የነበረውን ስማቸውን ወደ ሚካኤል የለወጡት ባላባት በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ተብለው ደሴን ዋና ከተማቸው አድርገዋል። በደሴ ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ሀብታምና ድሃ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይለይ ግብር ይበላበት እንደነበር ይነገርለታል። አዳራሹ ዛሬ ድረስ የከተማይቱ መታወቂያ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ደሴ ስለ ራሷ መናገር የምትፈልገውን ነገር በአንድ ጣራ ሥር ይዟልና። የቦሩ ሜዳ ጠባሳ ግን በሐውልት ሳይሆን በመንዙማና በቃል ታሪክ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል፤ ስለዚህ የአደባባዩን ድንጋይ ብቻ የሚያነብ ሰው የወሎን ታሪክ ግማሹን ብቻ ያነብባል።

ሳይታሰብ ሐውልት የሆነም ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አሠርተው በብዙ ሕዝብ ጉልበት ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ በአምባው ላይ ቀርቷል፤ ዛሬም እዚያው ነው። የእንግሊዝ ጦር የብራና መጻሕፍቱን፣ ታቦታቱንና ዘውዱን ጭኖ ሄዷል። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የመድፉን ቅጂ አቁማለች፤ ዋናውን ለማየት ግን አሁንም ተራራ መውጣት ያስፈልጋል። ለመቅደላ አካባቢ ሰው መድፉ የኩራትም የቁጭትም ምልክት ነው፤ ቦታውን በሚገባ ለጎብኚ አለማመቻቸት ግን የሚያስተዛዝብ ነው።

ድንጋይና ብረት ከሌለው ጥበብ መካከል የነሐሴ የልጃገረዶች በዓል በስፋት የታወቀ ነው። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚባለው ይህ በዓል ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሲከበር፣ ልጃገረዶች ቄጠማ መሰሉን ሣር በወገባቸው አስረው፣ ተሠርተውና ተኩለው እየጨፈሩ በቡድን ይዞራሉ። ጎዳናው በእነዚያ ቀናት የእነርሱ ነው፤ በሌላ ጊዜ ወጣት ሴት በአደባባይ የማትናገረውን ሙገሳና ሽሙጥ በግጥም ይናገራሉ። በቅርብ ዓመታት በዓሉ በስታዲየምና በመድረክ እየቀረበ ቱሪስት መሳቢያ ሆኗል። ይህ ለበዓሉ ዕውቅና አምጥቷል፤ ይሁን እንጂ መድረክ ላይ የወጣ ጭፈራ ለቤቱ ባለቤት የተገጠመውን ሽሙጥ ይዞ መውጣት አይችልም። በሰኞው የባቲ ገበያም አፋር፣ ኦሮሞና አማራ በሚገናኙበት ሜዳ የፀጉር አሠራር፣ ጨሌና ጊሌ (የአፋር ጩቤ) የማንነት መለያ ሆነው ይታያሉ። ከአራቱ የአማርኛ ዘፈን ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ የቦታ ስሞች መሆናቸውም የታወቀ ነው።

በደርግ ዘመን መንግሥት የአደባባይ ጥበብን በእጁ አስገባ። ደሴ ላይ የተቋቋመው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የአካባቢውን ዜማና እስክስታ በመድረክ አቀናብሮ በመላ አገሪቱ አሳወቀ፤ እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያንም ከዚያ ወጥተዋል። የዘመኑ መፈክር ከመድረኩ ጋር አልፏል፣ ዜማው ግን በሠርግ ቤት ቀርቷል።

በዛሬዎቹ ከተሞች፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ፣ እጅግ ብዙ ሰው የሚያየው ጥበብ የሚንቀሳቀሰው ነው። በደሴ ፒያሳና ሸዋ በር የሚመላለሱት ባጃጆች የቅዱሳን ሥዕል፣ «ማሻ አላህ»፣ የእናት ምርቃት፣ የእግር ኳስ ተጫዋች ፎቶና የፍቅር ስንኝ ለጥፈው ይዞራሉ። የማርያም ሥዕል የለጠፈው «አልሐምዱሊላህ» ከሚለው ኋላ ተሰልፎ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ይህን ማንም ኮሚቴ አላጸደቀውም፣ በጀትም አልተያዘለትም፤ ምናልባትም ስለ ከተማው ሰው ከማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ የበለጠ እውነት የሚናገረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከተሞች በየአደባባዩ የሚያቆሟቸው የጀበና፣ የሲኒና የመሶብ ቅርጾች እንግዳ ተቀባይነትን ለማሳየት የታሰቡ ቢሆኑም፣ በየትኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ቢተከሉ ልዩነት የላቸውም።

የጥበቃው ጉዳይ ከባለቤትነት ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል በተሰረቀ ጊዜ ከተማው ሐዘን ተቀመጠ፤ መስቀሉ ከአንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ሲመለስም ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ተዘርፏል፤ ከየወረዳው የተሰበሰቡት የክርስትናና የእስልምና ቅርሶች፣ የጦር መሣሪያዎችና የቤት ዕቃዎች በአንድ ላይ መቀመጣቸው ለጥናት የጠቀመውን ያህል በአንድ ጊዜ ለመጥፋትም አጋልጧቸዋል። ለላሊበላ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ የብረት ምሰሶ ያላቸው መጠለያዎች ተተክለዋል። ዓላማቸው ዝናብን መከላከል ነበር፤ ነዋሪው ግን ክብደታቸው ዐለቱን ይጎዳል፣ ቢወድቁም ቅርሱን ያጠፋሉ ብሎ ሲሰጋ ቆይቶ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥቶ ተቃውሟል። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው ለጥገናው ድጋፍ እንደሚያደርጉ ቃል ገብተዋል። ባለሙያዎቹ በስንጥቁ፣ በእርጥበቱና በምሰሶው መሠረት ላይ ሲከራከሩ፣ ካህናቱ የሚያነሡት ጥያቄ ሌላ ነው፤ የትኛውም ጥገና ቅዳሴውን፣ ምሕላውንና የገናውን ማኅሌት ሳያቋርጥ መከናወን አለበት ይላሉ።