የጤና ተገልጋዮችና የኅብረተሰቡ ድምፅ በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ በአማራ ክልል የሚገኝ፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነ ዞን ነው። ዋና ከተማው ፍቼ ከሆነው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ዞን ጋር በስም ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ይምታታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1,837,490 ነበር፤ ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ ገጠር ይኖራል። እዚህ የታካሚ ድምፅ ሲባል እንግዲህ በአብዛኛው የገበሬና የገበሬ ሚስት ድምፅ ነው፤ ከመንዝ ደጋ፣ ከመርሐቤቴ ገደል፣ ከቀወት ቆላ የሚመጣ።

በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት ከራሳቸው መካከል መርጠው ለሥልጠና የሚልኳቸው የጤና ወኪሎች ነበሩ።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደረገ። ነፍሰ ጡሮች ቡና ተፈልቶ የሚመካከሩበት ጉባኤም በዚሁ መሥመር የመጣ ነው። አንድ ለአምስት የተደራጀው የሴቶች ልማት ሠራዊት ድምፅ ማሰሚያ ነበር ወይስ ትእዛዝ ማውረጃ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ምናልባት እንደ ቀበሌው ይለያይ ይሆናል። የቃሬዛው ነገር ግን አያከራክርም። መኪና በማይገባበት ገደላማ አገር ምጥ የያዛትን ሴት እየተቀባበለ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ጎረቤት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተሸክሞ ያደረ ሰው በሩን ተዘግቶ ሲያገኘው የሚናገረው ነገር አለው።

ይህን ንግግር በወረቀት ላይ ያሰፈረው የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ ነው፤ ባለሙያው «ስኮር ካርድ» ይለዋል። ዘዴው በ1994 ዓ.ም. ገደማ በማላዊ ኬር የተባለው የርዳታ ድርጅት የቀመረው ሲሆን፣ ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በቆየው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ወደ ሥራ አስገባው። ነዋሪው በስድስት ነጥቦች ጤና ጣቢያውን ይመዝናል፦ የባለሙያው ርኅራኄና አክብሮት፣ ወረፋ፣ የመድኃኒትና የላቦራቶሪ መገኘት፣ የሕንፃውና የውኃ መብራቱ ሁኔታ፣ አምቡላንስ፣ ንጽሕና። ከሕዝቡ የተውጣጣው የተገልጋዮች ምክር ቤት በየሩብ ዓመቱ ነጥቡን አሰባስቦ በሕዝብ መድረክ ላይ ከጤና ጣቢያው ኃላፊዎች ጋር ፊት ለፊት ይነጋገርበታል፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክልም የጋራ ዕቅድ ይወጣል። አባላቱን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ ቀበሌው ነው የሚሉም አሉ።

ነጥብ ማሰባሰብ የራሱ ጥበብ ይጠይቃል። የሸዋ ሰው ጨዋ ነው፤ በመድረክ «እግዜር ይስጣቸው፣ ከምንም ይሻላል» ካለ ምስጋና ሳይሆን ቅሬታ ሊሆን ይችላል። ወርቁን ትቶ ሰሙን የመዘገበ ሰብሳቢ ከፍ ያለ ነጥብ ይዞ ይመለሳል።

በካርዱ ላይ ካሉት ስድስቱ በጤና ጣቢያው አቅም የሚስተካከሉት ንጽሕና፣ ወረፋና የሠራተኛው ፊት ናቸው። መድኃኒት ግን ከላይ በሚመጣ አቅርቦት የታሰረ ነው፤ ኃላፊው በመድረኩ ይቅርታ ጠይቆ ቃል ቢገባም መጋዘኑ የእሱ አይደለም። ነገሩን ያከረረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር የአማራ ክልል ድርሻ ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ፤ ሰሜን ሸዋ የደረሰው በኋላ ነው። እህሉን ሸጦ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ ሲያበቃ «ከውጭ ግዛ» የሚል ማዘዣ የሚቀበል ገበሬ ከዚያ በፊት እንደነበረው ተለማማጭ አይደለም፤ ገንዘቤ የት ገባ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ከካርዱም ከመድረኩም በላይ ሕዝቡን ተናጋሪ ያደረገው ይህ መዋጮ ነው።

በከተማው በኩል የሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርድ የኅብረተሰብ ተወካይ አለው፤ ቅሬታ ሰሚና የአስተያየት ሣጥንም አሉ። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው፤ የታካሚ እርካታም ለተመራቂዎች የተለመደ የጥናት ርዕስ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አጣዬና ሸዋሮቢትን ጨምሮ በዞኑ የነበሩ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል።

ካርዱ የማያገኛቸውም አሉ። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚሰነብቱ ሕሙማን ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ቀበሌያቸው ሌላ ስለሆነ በስብሰባው አይጠሩም። ብዙዎቹ ሐኪም ቤት ሄደው የተመለሱ፣ ለምን እንደተመለሱም አንድ ባንድ የሚያስረዱ ናቸው።