«ሊቲየም አበቃለት»፦ ስለ ባለ ቀዳዳው ካርቦን የሚወራውና እውነቱ

ባለፈው ሰሞን የቤተሰባችን ቴሌግራም ላይ አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። የቡና ገለባ ይታያል፣ ምድጃ ይታያል፣ ጥቁር ዱቄት ይታያል። ከዚያ አንድ ድምፅ «ከቡና ገለባ የተሠራ ባትሪ በ10 ሰከንድ ይሞላል፣ ሊቲየም አበቃለት» ይላል። አጎቴ ወዲያው «አገራችን እኮ ሀብታም ናት!» ብሎ ጻፈ። የእህቴ ልጅ ደግሞ «ታዲያ ቤት ሙሉ ከሰል እያለ ባትሪ ለምን እንገዛለን?» አለ።

ቪዲዮው ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ከገለባ፣ ከቅርፊትና ከእንጨት ተረፈ ምርት የሚሠራ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ካርቦን ኤሌክትሪክ ለማጠራቀም በእርግጥ ያገለግላል። ችግሩ በእውነቱ ላይ የተለጣጠፈው ወሬ ነው። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ስለ ባትሪ የማያወራ ሰው ጠፍቷል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ከሰል ያው ከሰል ነው»

የእህቴን ልጅ በወሬ ማሳመን ስለማይቻል ቴስተር አወጣሁ። ከማዳበሪያው አንድ ጉማጅ ከሰል መዝዤ ሁለቱን ጫፍ ነካሁት። ቴስተሩ ዝም። ቀጥሎ ከቡናው ምድጃ ፍም ሆኖ የነበረና ታፍኖ የጠፋ ቁራጭ አነሳሁ። አሁን ቁጥር አሳየ። እንጨቱ አንድ፣ ማዳበሪያው አንድ። የለያያቸው የገባባቸው ሙቀት ነው።

ከ600 ዲግሪ በታች የተከሰለ እንጨት ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም። ወደ 900 ሲጠጋ ግን ማሳለፍ የሚችለው በሺዎች እጥፍ ያድጋል። አፈር ለብሶ የሚከሰለው እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ላይ ይቀራል።

ቀዳዳውም እንዲሁ። የቤት ከሰል ቀዳዳ አለው፤ ግን ብዙው ዛፉ ውሃ ይስብበት የነበረ ሰፊ ቧንቧ ነው። ጥቃቅኖቹ በእንጨቱ ሬንጅ ተደፍነዋል። እነሱን ለመክፈት ከሰሉን ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ አግሎ እንፋሎት መንፋት ያስፈልጋል። እንፋሎቱ ካርቦኑን እንደ ነቀዝ ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ከዚያ በኋላ ነው አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው። የጥሩው ዓይነት 4 ግራም፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ውስጡ ያለው ግድግዳ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል።

«ካርቦኑ ኤሌክትሪኩን እንደ ስፖንጅ ይመጥጠዋል»

አይመጥጠውም። ይህ ካርቦን በብዛት የሚገባበት ዕቃ ሱፐርካፓሲተር ይባላል። ካርቦን የተቀቡ ሁለት ስስ ንጣፎች አሉ፣ መሐላቸው የጨው ፈሳሽ አለ። ኃይል ሲገናኝ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ይሆናል። በፈሳሹ ውስጥ ያሉት አዮኖች፣ ማለትም ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሆኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ወደ ተቃራኒያቸው ይሮጡና ግድግዳው ላይ ይሰለፋሉ። ዝናብ ድንገት ሲመጣ ፒያሳ ላይ ሰው የሱቆችን ጣሪያ ጥግ ይዞ እንደሚደረደረው ማለት ነው። ወደ ቤት የሚገባ የለም፣ ግድግዳ ተጠግቶ መቆም ብቻ። ስለዚህ ብዙ ሰው ለማስጠለል ብዙ ግድግዳ ያስፈልጋል። የቀዳዳው ጥቅም ይኸው ነው።

ሄልምሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊ ይህን ድርብ ሰልፍ እ.ኤ.አ. በ1853 ገልጾታል። ኬሚካላዊ ለውጥ ስለሌለበት ዕቃው አይደክምም። የስልክ ባትሪ ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ ከተሞላ በኋላ ሲያዛጋ፣ ሱፐርካፓሲተር ግማሽ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይሄዳል።

«ቀዳዳው በሰፋና በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ይህን የሚሳሳተው ተራው ሰው ብቻ አይደለም። ባለሙያዎቹም ለረጅም ጊዜ ተሳስተውበታል።

አዮን በፈሳሽ ውስጥ ብቻውን አይሄድም። የፈሳሹ ሞለኪዩሎች እንደ አጃቢ ይከቡታል። ስለዚህ «ቀዳዳው አዮኑን ከነአጃቢዎቹ የሚያስገባ ካልሆነ ዋጋ የለውም» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በፊላደልፊያ የዩሪ ጎጎትሲ ቡድንና በቱሉዝ የፓትሪስ ሲሞን ቡድን አብረው ነገሩን ሞከሩት። የቀዳዳውን ስፋት በጥንቃቄ እያጠበቡ ሄዱ። ከ1 ናኖሜትር (ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) በታች ሲደርሱ የሚጠራቀመው ይወርዳል ሲባል ጭራሽ ወጣ። አዮኑ በሩ ላይ አጃቢዎቹን አስቀርቶ ብቻውን ይገባል። ሲገባ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ይበልጥ ይጠጋል፤ መጠጋቱ ነው ጥቅሙ።

ቀዳዳ ሲበዛ ሌላም ጣጣ አለው። ባዶ ቦታ ባዶ አይቀርም፣ ፈሳሽ ይሞላዋል፣ ፈሳሹ ይከብዳል። ካርቦኑ ራሱ ደግሞ እንደ ፈንዲሻ እየቀለለ ቦታ ይይዛል። መኪና ውስጥ ግራም ብቻ ሳይሆን ሊትርም ይቆጠራል።

እኔ አዲስ ዱቄት ተሠራ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ቀዳዳ እንዳለው አይደለም። ስፋታቸው ስንት ነው፣ በራቸውስ ክፍት ነው ወይ? ስለ በሩ ወረድ ብዬ እመለሳለሁ።

«በሰከንድ ስለሚሞላ ባትሪን ይተካል»

ገበያ ላይ አንድ የተለመደ የሱፐርካፓሲተር መጠን አለ፦ 3,000 ፋራድ፣ 2.7 ቮልት። ፋራድ በእያንዳንዱ ቮልት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚጠራቀም መለኪያ ነው። መልኩ የለስላሳ ጣሳ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው 3 ዋት ሰዓት ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው የስልክ ባትሪ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ከሆነ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ክብደቱም 100 ግራም አይሞላም። እሱን ለመተካት ስድስት ጣሳ፣ ሦስት ኪሎ መሸከም ሊኖርባችሁ ነው። ሱሪ አውልቅ ነው እንግዲህ። በዚያ ላይ ሞልታችሁ ብታስቀምጡት በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ከራሱ ይፈስሳል።

ቶሎ መሙላቱ ግን ውሸት አይደለም፣ ቦታውን ካገኘ። ሻንጋይ እ.ኤ.አ. በ2006 በሱፐርካፓሲተር የሚሄዱ አውቶቡሶች አስጀምራለች። ሌላዋ የቻይና ከተማ ጓንግዡ ደግሞ በ2014 መጨረሻ ላይ በላዩ ሽቦ የሌለው ትራም ሥራ አስገባች። ትራሙ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሰው እስኪሳፈር ባለው ጊዜ ይሞላና እስከ ቀጣዩ ፌርማታ ይሄዳል። ፍሬን ሲይዝም ኃይሉን መልሶ ያጠራቅማል። የእኛው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሽቦውን ካጣ የሚቆም ነው፣ ሁለቱን ማወዳደር ነው። የነፋስ ተርባይንም ውስጥ ይገባል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ክንፎቹን አዙሮ የሚያቆማቸው ኃይል ከዚያ ይመጣል። ማማ ላይ ወጥቶ ባትሪ መቀየር ቀልድ ስላልሆነ የማይደክም ነገር ይመረጣል።

«ፋራዱ የበለጠው ያሸንፋል»

ይህችን አጠር ላድርጋት። ኃይሉ በፋራድ ይባዛል፣ በቮልት ግን ሁለት ጊዜ ይባዛል። የካርቦኑ ፈሳሽ ውሃ ከሆነ 1 ቮልት አካባቢ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ካለፈ ውሃው ራሱ መፍረስ ይጀምራል። ገበያ ላይ ያሉት የሚጠቀሙበት ፈሳሽ 2.7 ቮልት ይችላል። 2.7 በ2.7 ሲባዛ ከ7 ይበልጣል። ስለዚህ በውሃ 300 ፋራድ በግራም ያሳየ ዱቄት፣ በሌላው ፈሳሽ 100 ፋራድ ካሳየው በኃይል ከግማሽ በታች ነው። ርዕሱ ላይ የሚወጣው ግን 300 ነው።

«አዲስ ግኝት ነው»

በጀነራል ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ሃዋርድ ቤከር የዚህን ዓይነት ዕቃ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ኤንኢሲ በ1970ዎቹ «ሱፐርካፓሲተር» ብሎ ገበያ አወጣው። ከተክል መሥራቱም አዲስ አይደለም። ዛሬ ከምትገዙት ሱፐርካፓሲተር ብዙው ውስጡ የኮኮናት ቅርፊት ነው፣ እንደ ኩራሬይ ያሉ የጃፓን ኩባንያዎች ሲያመርቱት ቆይተዋል። ማንም ቪዲዮ አልሠራላቸውም እንጂ።

«ከተክል ከተሠራ አካባቢን አይጎዳም»

እዚህ ላይ ሒሳብ እናድርግ። 100 ኪሎ ደረቅ የኮኮናት ቅርፊት ሲከሰል 30 ኪሎ ገደማ ይቀራል። ቀዳዳ ሲወጣለት ከዚያም ግማሹ ያህል ይሄዳል። ሌላው ጋዝ ሆኖ ወጥቷል። ጋዙ ተይዞ ለዚያው ምድጃ ማገዶ ካልሆነ ጭስ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ትልልቅ ቁጥር የሚያወጣው መንገድ ደግሞ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ለ1 ኪሎ ከሰል 3 ወይም 4 ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው። ቆዳ የሚበላ፣ ምድጃ የሚበላ ነገር ነው። ከዚያ በአሲድ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል። የእጥበቱ ውሃ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ «አረንጓዴ» የሚለው ቃል ማስታወቂያ ብቻ ነው። በእንፋሎት የሚሠራው በዚህ በኩል ንጹሕ ነው።

እርጥብ ነገርን በፕሬዠር ኩከር እንደሚቀቀል ባቄላ በ200 ዲግሪ አካባቢ ማክሰልም ይቻላል። ፍሬድሪክ ቤርጊየስ እ.ኤ.አ. በ1913 የጀመረው ነው፤ በፖትስዳም ማክስ ፕላንክ ተቋም እነ ማርኩስ አንቶኒየቲና ማግዳሌና ቲቲሪቺ በ2000ዎቹ እንደገና አነሱት። ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለሚወጣው እርጥብ ልጣጭ ይመቻል፣ ማድረቅ አያስፈልግማ። የሚወጣው ከሰል ግን ቀዳዳው ጥቂት ነው፣ ኋላ ምድጃ መግባቱ አይቀርም።

«ገለባው ቆሻሻ ነው፣ በነፃ ይገኛል»

ይህን የሚለው ገበሬ አይቼ አላውቅም። የጤፍ ጭድ የከብት ቀለብ ነው፣ ግድግዳ የሚመረግበት ጭቃም ያለ ጭድ አይሆንም። የሸንኮራ አገዳ ገፈራ ፋብሪካው ራሱ ቦይለር ውስጥ ያነደዋል። በሐረር በኩል የቡና ገለባ ተፈልቶ ይጠጣል። የወረቀት ፋብሪካም ሊግኒኑን፣ ማለትም የእንጨቱን ማጣበቂያ፣ የሚያነደው ኃይል ስለሚያገኝበት ነው። ለባትሪ ሲወሰድ የሚተካው ማገዶ ከየት ይምጣ?

የቡና ገለባ ግን ተስፋ አለው ባይ ነኝ። በብዙ ቦታ ተከምሮ ይበሰብሳል። ፖታሲየም ስለሚበዛበት ሲግል የራሱን ቀዳዳ በከፊል ራሱ ይከፍታል። ያው አመዱ በደንብ መታጠብ አለበት። አጎቴ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

«ሶዲየም ትልቅ ስለሆነ ካርቦን ውስጥ አይገባም»

የሊቲየም ባትሪ አንዱ ጎን ግራፋይት፣ ማለትም እርሳስ ውስጥ ያለው ዓይነት ካርቦን፣ ነው። ሶዲየም ከጨው ስለሚገኝ ርካሽ ነው፣ ግራፋይት ውስጥ ግን እሺ ብሎ አይገባም። ምክንያቱ መጠኑ ነው ይባላል። ታዲያ ከሶዲየም የሚበልጠው ፖታሲየም ለምን ይገባል? የመጠን ሳይሆን የመስማማት ጉዳይ ነው። ሶዲየምና ግራፋይት አብረው ለመኖር የሚያበቃ ትስስር የላቸውም።

መፍትሔው ሃርድ ካርቦን ሆነ። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን፣ በዲኤንኤ ፎቶ የምናውቃት፣ ከዚያ በፊት የከሰል ተመራማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1951 አንዳንድ ካርቦኖች 3,000 ዲግሪ ቢገቡም ወደ ግራፋይት እንደማይለወጡ አሳየች። ንጣፎቻቸው እንደ ተጨማደደ ወረቀት ተቆላልፈው ይቀራሉ። በ2000 ካናዳ ውስጥ ስቲቨንስና ዳን ከግሉኮስ፣ ማለትም ከስኳር፣ እንዲህ ያለ ካርቦን ሠርተው በ1 ግራም 300 ሚሊአምፒር ሰዓት ያህል ሶዲየም አስገቡበት። የቻይናው ባትሪ አምራች ካትል በ2021 ያስተዋወቀው የሶዲየም ባትሪ በኪሎ 160 ዋት ሰዓት ነው። የስዊድንና ፊንላንዱ የወረቀትና እንጨት ኩባንያ ስቶራ ኤንሶም ከዛፍ ሊግኒን ሃርድ ካርቦን ሠርቷል።

በሩ ጋር ተመለስን። ለሱፐርካፓሲተር ቀዳዳው ለፈሳሹ ክፍት መሆን አለበት። ለሶዲየም ባትሪ ግን ለፈሳሹ ዝግ ይሁን፣ ሶዲየሙ ብቻ ሾልኮ ይግባ። ፈሳሹ ከገባ ገና በመጀመሪያው ሙሌት ብዙ ሶዲየም ግድግዳ ላይ ባክኖ ይቀራል። ስለዚህ ያንዱ ምርጥ ዱቄት ለሌላው የማይረባ ነው፣ ሁለቱም ከአንድ ገለባ ቢወጡም።

«ከሰልና ጨው አምፖል ያበራል»

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ የእህቴ ልጅ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሦስት ብርጭቆ፣ የጨው ውሃ፣ የወጥ ቤት ፎይልና በፍም የተመታውን ከሰል አሰናድቶ ትንሿን ቀይ የኤልኢዲ አምፖል አበራት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። «ከሰሉ ኃይል አለው!» ተባለ።

ከሰሉ ኃይል አልሰጠም። ኃይሉ የመጣው ከአሉሚኒየሙ ነው። ፎይሉ ይበላል፣ ከሰሉ ደግሞ በቀዳዳው አየር እያስገባ ኦክስጅኑ የሚሠራበትን ግድግዳ ያከራያል። አንዱ ብርጭቆ 1 ቮልት እንኳ ስለማይሞላ ነው ሦስት የሆኑት። መልሶ መሙላት አይቻልም።

ልጁ አላመነኝም። በማግስቱ ጠዋት አምፖሏ ደብዝዛ አገኛት። ፎይሉን ከጨው ውሃው አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ወንፊት ሆኗል።